ያልረጋው ወተት

የካቲት 28፣ ጠዋት 2፡00

ዛሬም አልረጋም፣ ማስታወሻዬ። ውሃ ነው። ስድስት ዓመት ሳላቋርጥ ያኖርኩት የእርጎ እርሾ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ባክቴሪያዎቹን ሠራተኞቼ እላቸዋለሁ፤ ደመወዝ አይጠይቁ፣ አያኮርፉ። ዛሬ አኮረፉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ይሆናል። ባልዲውን በጋቢ ጠቀለልኩት።

አባቴ፣ አባባ፣ ከኪዳን መልስ የላማቸውን የዳለቻን ወተት አመጡ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የሞሉት ለጾም ያልደረሰችውን የልጄን የማርታን ኩባያ ነው። ትኩሱን ጠጣችው።

የካቲት 29፣ 10 ሰዓት

አሁንም ውሃ። ሁዳዴ ነው፣ አልቀምሰው ነገር። ሌላ ጊዜ ጎረቤቴ ዘይነባ ትቀምስልኝ ነበር፤ ዘንድሮ እሷም ሮመዳን ይዛለች። በአፍንጫዬ ብቻ እየሠራሁ ነው። ተናደድኩና የቀረኝን እርሾ በሙሉ ጨመርኩበት። የሞኝ ሥራ።

የማርታ ክንድ ሽፍ ብሏል። ቁንጫ ይሆናል።

የካቲት 30፣ ምሽት

ዘይነባ አፍጥራ መጥታ ቀመሰችልኝ። ፊቷ ተለዋወጠ። አልረጋም፣ አልኮመጠጠም፣ አልተበላሸም። ወተት ሳይበላሽ ሲቀር ያስፈራል ለካ። ከአራት ቀን በፊት የእንስሳት ሐኪሙ ከአባባ ግቢ ሲወጣ አይታዋለች።

ደወልኩለት። የዳለቻ ጡት አብጦ ፔኒሲሊን ወግቷታል። ወተቷን ለጊዜው ድፉት ብሏቸው ነበር። ሠራተኞቼን የፈጀው መድኃኒቱ ነው።

ፔኒሲሊን! ዓምና ማርታ እሱን ተወግታ ጉሮሮዋ አብጦ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ሁለተኛ እንዳይነካት ተብሎ ካርዷ ላይ በቀይ ተጽፏል። ኩባያዋን በየቀኑ ያጠብኩት እኔ ነኝ። እጄን ይቁረጠው።

አባባ ዝም ያሉት የፋሲካ የእርጎ ትዕዛዜ እንዳይቀርብኝ ብለው ነው፤ አውቃቸዋለሁ። የመርፌውን ስም አያውቁም፤ ለእሳቸው መርፌ መርፌ ነው። ስልካቸው ዝግ ነው። ሁዳዴ ከገባ አይከፍቱትም። በዚህ ሰዓት ባጃጅም አይገኝ፤ ሲነጋ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ።

መጋቢት 1፣ ጠዋት 1፡20

ሽፍታው አንገቷ ደርሷል። አለባብሻታለሁ፤ ባጃጅ እስኪመጣ ነው የምጽፈው። ሐኪም ቤት ነን ዛሬ። አባባ ከደረሱብን ወተቱን ፊታቸው እደፋዋለሁ። እምቢ ብያቸው አላውቅም። ዛሬ እላለሁ።

ባጃጁ መጣ መሰለኝ። አይደለም። የአባባ የወተት ጣሳ ክዳን ነው፣ ማርታን የኔ ማር እያሉ ይጣራሉ። ማርታ አጠገቤ ነበረች። ኩባያዋም መደርደሪያው ላይ የለም።