አሚን ብዬ የሻርኩት

ሰኞ

ምን አስቀበጠኝ! አንዲት ቃል ናት ያወጣሁት፤ እሷም «አሚን» ናት።

ከዐስር ሶላት በኋላ የአባዬ ጓደኞች ቤት መጡ፤ ሁሉም እንደኛ ከድሬዳዋ መጥተው በዚህ የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር የሚነግዱ። ሻይ ይዤ ስገባ ሐጂ ዑመር ዱዓ ጀምረዋል። ትሪውን አስቀምጬ እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። «ልጃችንን ከክህደት ጠብቅልን፤ የሐሙሱም ንግግር ይቅርልን» አሉ። አፌ ቀደመኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ ዱዓ ተደርጎ አሚን የተባለበት ነገር አለቀ፣ ደቀቀ። የአባዬ ፊት በራ።

ማክሰኞ

ልሰርዘው? በዚህ ሙቀት፣ መብራት እየሄደ እየመጣ የለፋሁበትን?

ሊሴ በሚሉት የፈረንሳይኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፍልስፍና አስተምራለሁ። ሐሙስ ለሕዝብ የማደርገው ንግግር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለኖረ አንድ የኮርዶባ ፈላስፋ ነው፦ ሙስሊም፣ ያውም ቃዲ። በገዛ አገሩ መጻሕፍቱን አቃጠሉበት። ጎረቤቶቹ የክርስቲያን መንግሥታት ግን አስተርጉመው ተማሩበት። እዚያም አልተመቸውም፤ ጳጳሳቱ አወገዙት፣ የዚያ አገር ተማሪዎች ግን እሱን ማንበብ አልተዉም። ወንድሜ ሙኒር ይህን አባዬ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሲያወራ ሐጂ ዑመር የሰሙት «ካፊሮች የወደዱት ሰው» የምትለዋን ብቻ ነው።

ረቡዕ

አባዬን ለመንኩት። ሳላስበው ነው ያልኩት አልኩ። «አሚን ሳይታሰብ ይባላል እንዴ?» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽማግሌ ፊት አታዋርጂኝ» አለ። ይሄኛው ነው የገደለኝ።

ምሳ አልበላሁም። ራሴን አሞኛል። አባቴን እወደዋለሁ። ግን ነገ ተማሪዎቼን በምን አፌ «አስባችሁ ተናገሩ» እላቸዋለሁ?

ሐሙስ

ሄድኩ። እማዬ በር ላይ «ተይ ልጄ» እያለች።

በፈረንሳይኛ ነው የተናገርኩት። አዳራሹ ግማሹ ባዶ፣ ማራገቢያው ድምፄን ይውጠዋል። ግን ጨረስኩት! መጨረሻ ላይ ከባልባላ ሰፈር የመጣች አንዲት ሴት፣ «ያቃጠሉት ሰዎች አንብበውት ነበር?» ብላ ጠየቀች። አላውቅም አልኳት።

ዓርብ

አባዬ ያቀረብኩለትን ምግብ አልነካም። ሽማግሌዎቹም ከጁምዓ መልስ እኛን አልፈው ሐጂ ዑመር ቤት ገቡ። ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሏል። አጥፍቻለሁ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ምን አጠፋሁ እላለሁ።

ቅዳሜ

ሙኒር ከሱቅ እያለከለከ መጣ። ሐጂ ዑመር ሰው በተሰበሰበበት፣ «ልጅህ ክህደት ተናገረች፤ ምን ትላለህ?» ብለውታል አባዬን። እሱም ጨርቅ የሚቆርጥበትን መቀስ አስቀምጦ፣ «እኔም አልሰማኋት፣ እርስዎም አልሰሟት። ሳልሰማ አልፈርድባትም» አላቸው አሉ።

አለቀስኩ። ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። አየኝ፤ አልፎኝ ገባ። እስካሁን አላናገረኝም።