ኢፍራህ የተናገረች ዕለት

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለመምህር ሣህሉ፣

እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እዚህ ሙቀቱ ገብቷል፤ እኛ ግን ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልዎ ምሥራች ይዤ ነው።

ባለፈው በስልክ «ልጆችን በቡድን አስቀምጦ በእንግሊዝኛ ማስለፍለፍ ማስተማር አይደለም፤ ሰዋስው ሳያውቁ ምን ይናገራሉ?» ብለውኝ ነበር። እውነትም ቀላል አይደለም። ዘጠነኛ ክፍሌ ሰባ አንድ ተማሪ አለው። ዴስኮቹ ወለሉ ላይ የተተከሉ ስለሆኑ፣ ፊት ለፊት ለመተያየት ግማሾቹ ዴስኩ ላይ ወጥተው ዞረው ይቀመጣሉ። ተወያዩ ብዬ ዘወር ከማለቴ ሶማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው ይቀላቀላል። ፈተናው ደግሞ ምርጫ ማጥቆር ነው፤ ለመናገር ማርክ የለውም። የተማሪዬ የጦልሃ አባት አቶ ሮብሌ መጥተው «አቦ መምህርት፣ ልጄን ለወሬ አይደለም የላክሁት» አሉኝ። ዳይሬክተራችን አቶ አለምብርሃንም ጫጫታው ሰልችቷቸው «ሰኞ ገብቼ አያለሁ። ካልሆነ ወደ ጥቁር ሰሌዳሽ ትመለሻለሽ» ብለው ቆረጡ።

መጀመሪያ ልጆቹን ሸምድደው እንዲያነበንቡ ላደርግ ከጀልኩ። ከዚያ አፈርኩ። መጽሐፉ ስለ ባሕር ዳርቻ ሽርሽር ተወያዩ ይላል፤ የእኔ ልጆች ምን ግዳቸው ነው? የሚያንገበግባቸውን ብጠይቃቸው «የግቢው በር!» አሉ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ይቆለፋል፤ ያረፈደ ቀኑን ሙሉ ውጭ ነው።

ሰኞ አቶ አለምብርሃን ከኋላ ተቀመጡ። ርዕሱን «የግቢው በር» ብዬ ስጽፍ ፊታቸው ጠቆረ። ልጆቹም እሳቸውን አይተው አንገታቸውን ደፉ።

ያኔ ኢፍራህ ተነሣች። ይህችን ልጅ ከመስከረም ጀምሮ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ስትተነፍስ ሰምቻት አላውቅም። እናቷ ሃዎ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ አትክልት ይሸጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት ዕቃውን አብራቸው የምታወርደው እሷ ናት። ወደ ዳይሬክተሩ ዞራ፣ ግሱ ሁሉ ተሰባብሮ፣ «እኔ እናት መርዳት። እኔ መሮጥ። እርስዎ በር መዝጋት፣ እኔን መዝጋት» አለች በእንግሊዝኛ።

ማንም አልሳቀም። አቶ አለምብርሃን ብድግ አሉ፤ እሳቸውም በእንግሊዝኛ እየተንተባተቡ፦

«ስንት ደቂቃ ታረፍጃለሽ?»

«አሥር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሳቸውም ሳቁ። ጦልሃ ተነሥቶ በሩ ከተከፈተ ሁሉም ያረፍዳል ብሎ ተቃወመ፤ አምስት ልጆች ተነሡበት። እየተሳሳቱ፣ እየተራረሙ፣ በእንግሊዝኛ! ደወሉን የሰማ አልነበረም።

በማግስቱ የተሰባበሩትን ግሶች አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ አቃናናቸው። አባዬ፣ ሰዋስው እንዲህ በጉጉት ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ከትናንት ጀምሮ በሩ እስከ ሁለት ሰዓት ከሩብ ክፍት ነው። አቶ አለምብርሃን እኔንም «ቀጥዪ» ብለውኛል። አቶ ሮብሌ ደግሞ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ልጁ እቤት በእንግሊዝኛ እየተከራከረ አላስቀምጥ አለን» ብለው ሳቁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ቋንቋውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ግን አንድም ቀን በእንግሊዝኛ አውርተን አናውቅም። ኢፍራህ ስትቆም እኔን መሰለችኝ። ለፋሲካ ስመጣ እናውራ። ብሳሳት ቀይ እስክሪብቶ ሳያነሡ፣ እስክጨርስ ይስሙኝ።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ በጤና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

የምትናፍቅዎት ልጅዎ
በለጠች