አንገተ ረጅሙ ከመነዳሪ

ውድ ሶረቲ፣

የአንገር ጉቲን ሙቀት እንዴት ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ስለ ሙቀት ልጠይቅሽ አይደለም የምጽፈው።

ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አንድ ከመነዳሪ አለ። አየር ገብቶበት አያውቅም። ከግንቦት ጀምሮ ከብስክሌቴ ኮርቻ ስር እንደታሰረ ከረመ። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። ያንቺ ነው።

የክለቡ ማጣሪያ ውድድር ሁለት ቀን ሲቀረው ዳዲ ሱቅ መለዋወጫ ልገዛ የሄድኩት እኔ ነበርኩ፣ ለሁለታችንም። አንቺ የቡርቃ ጃቶን ዳገት እየደጋገምሽ ነበር። የአጎትሽ ልጅ በላከልሽ ቸርኬ፣ ጠርዙ ጥልቅ በሆነው፣ ስትነጂ ስለሚያስተጋባ የሰፈር ልጆች ከበሮ ባሉት። ዳዲ ዘንድ ለእኛ ብስክሌት የሚሆኑ ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። ሌላው ሁሉ የአየር ማስገቢያው ወፍራም ነው፣ በቸርኬያችን ቀዳዳ አያልፍም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። ቁጥራቸው አንድ፣ ስፋታቸው አንድ።

«መንታ ናቸው» አለኝ። «የሚለያዩት በአየር ማስገቢያው አንገት ነው። አጭሩ ላንቺ። ለሶረቲ ረጅሙን፣ አደራ። አጭሩ እሷ ቸርኬ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፣ ፖምፓ አይደርስበትም። ረጅሙ ለሁለታችሁም ይሆናል፣ አጭሩ ላንቺ ብቻ።»

ከዚያም አጭሩን በጣቱ አንጠልጥሎ፣ ይህንን ለሷ የሰጠ የጎማ ሬሳ ነው ያሸከማት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ይህን የምጽፈው አልገባት ይሆናል ብለሽ እንዳታስቢልኝ ነው። አንቺ ለሰው ሰበብ ትፈልጊለታለሽ። ገብቶኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ሁለቱንም በአሮጌ ካልሲ ጠቀለልኳቸው። ረጅሙን በግራ ላንቺ፣ አጭሩን በቀኝ ለእኔ አስቀመጥኩ። ቆይቼ ቦታ አቀያየርኳቸው። ወደ ክለቡ የምታልፈው አንዲት ብቻ ናት። አንቺ ደግሞ በዚያ ወር በየቀኑ ትቀድሚኝ ነበር። ጎማዋ ላይፈነዳ ይችላል አልኩ። ካልፈነዳ ምንም አላደረግኩም ማለት ነው። ከፈነዳ መንገዱ ነው። እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ ቃል በቃል። ረጅሙ ለእኔ ምንም አይጨምርልኝም ነበር፤ አጭሩ ይበቃኛል። ያንቺን ወስጄ የማልፈልገውን ተሸከምኩ።

የቡድናችንን ልማድ ታውቂዋለሽ። የራሷን መለዋወጫ ያሰረች የጎማ መፈንዳትን ትጠራለች ይባላል፤ ስለዚህ ጓደኛ ለጓደኛ ያስራል። የታሰረውን ፈትቶ ማየት ጓደኛን መጠርጠር ነው። በማጣሪያው ጠዋት ያንቺን አሰርኩ። የኔን አንቺ አሰርሽ፣ ካልሲውን ሳትገልጪ፣ በዚያ ድርብ ቋጠሮሽ። «በደህና ታስሮ በደህና ይመለስ» አልሽኝ። ጀርባዬን መታ አደረግሽው። እጅሽ ከጀርባዬ ላይ እስኪነሳ ድረስ መናገር እችል ነበር። ብዙ ጊዜ ነበረኝ። አሁን ሳስበው በጣም ብዙ ጊዜ ነበረኝ።

ከነቀምቴ ተራ በተራ ስንለቀቅ ከኔ በሁለት ደቂቃ ቀድመሽ ወጣሽ። ዲጋ ደርሼ ስዞር አንቺ ቀድመሽ ዞረሽ የነቀምቴን መልስ ጀምረሽ ነበር። ከዲጋ ትንሽ እንደራቅሁ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መንገድ ዳር ተቀምጠሽ አየሁሽ። የኋላውን ጎማ አውልቀሽዋል። ካልሲው ጉልበትሽ ላይ ነው። አጭሩን ይዘሽ ነበር።

ቀና አልሽ። እጅሽን አወዛወዝሽልኝ።

«ዴሚ፣ ዴሚ፣ ሂጂ ሲና! ራኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም!»

ሄድኩ። ከኮርቻዬ ስር ያንቺው ነበር፣ ያንቺው ቋጠሮ። ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። አልያዝኩም። ሶረቲ፣ ስለ ጠቀለልኩት አጭሩ ሰበብ ልደረድር እችል ይሆናል፤ ስለዚያ ፍሬን ግን የምለው የለኝም።

አንቺ በአይሱዙ ተጭነሽ መጣሽ። አሰልጣኛችን ጋሼ ዋቅወያ በሰዓት መያዣው ገመድ እየተጫወተ፣ ሲናደድ እንደሚያደርገው፣ ምን እንደነካሽ ጠየቀሽ። ፖምፓዬ ተበላሸ አልሽው። ፖምፓሽ ደህና ነበር። አጭሩን አንገት አይተሽዋል፣ ዓይኔንም አይተሽዋል፣ ፖምፓዬ ነው አልሽ። ከሳምንት በኋላ አንገር ጉቲን አክስትሽ ዘንድ፣ ወደ እርሻው፣ ወረድሽ። ብስክሌትሽን ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስትጭኚ ረድቼሻለሁ። ያንኑ የተነፈሰ ጎማ ይዤ። ምንም አላልሽም። ከዚያ ወዲህ የምሰማው ይህንኑ ዝምታ ነው። አንዳንዴ ይቅርታ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ዕድሜ ልኬን እንድሸከመው የሰጠሽኝ ነገር ይመስለኛል። የትኛው እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ማጣሪያውን ያለፍኩት እኔ ነኝ፤ ክለቡ ሊቀበለኝ የነበረው በኅዳር መጨረሻ ነው። ትናንት ጋሼ ዋቅወያ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ሰንሰለት በጨርቅ ሲጠርግ ነበር፤ እስክጨርስ ቀና አላለም።

«ያንቺን ስም መሰረዝ እኔ እችላለሁ» አለኝ። «እሷን መመለስ ግን አልችልም። ይኼ ያንቺ ሥራ ነው።»

ስሜ ተሰርዟል። ቦታው ባዶ ነው። የሚመጣው እሁድ አንቺ በተለመደው መንገድ፣ ዲጋ ደርሶ መልስ፣ ብትነጂና ሰዓቱን ብታሟዪ ይሄው ቦታ ያንቺ ነው ብሏል። አልመጣም ማለት መብትሽ ነው። ብትመጪ ግን ከዚያ ቁልቁለት ግርጌ ፖምፓ ይዤ እቆማለሁ፤ ልታናግሪኝ አይገባሽም፣ እለፊኝ።

ከመነዳሪውን ይህን ደብዳቤ ለሚያደርስልሽ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። በካልሲ አልጠቀለልኩትም። አላሰርኩትምም። አንገቱን ከቸርኬሽ ጎን አስጠግተሽ ራስሽ ለኪው፤ ከኮርቻሽ ስርም ራስሽ እሰሪው።

ያንቺን ይዛ ያለፈችሽ፣
ሲና