ሦስት ስፔስ ስለነበራቸው መስመሮች

ለተከበሩ የኮድ አጻጻፍ ደንብ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ እንቅልፍዎም እንደ ተሰለፉት መስመሮቻችን ያልተዛነፈ እንዲሆንልዎ እጸልያለሁ። የእኔን እንቅልፍ አይጠይቁኝ።

አንደኛ፣ የኮድ መስመር ሲጀምር ከዳር የሚተወው ባዶ ቦታ በታብ ቁልፍ ይሁን በስፔስ ቁልፍ፣ ሁለት ይሁን አራት በሚል ክርክር ባልደረቦች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ በደረስንበት ሰዓት፣ የፕሮጀክቱን መስመር ሁሉ በአንድ ትእዛዝ አራት አራት ስፔስ ከዳር አስገብተው ስላስታረቁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እርግጥ እስካሁን አንነጋገርም፤ ኮዳችን ግን ያምራል።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራማችን የበሽተኛ ትንፋሽ ሲደክም ነርስ የሚጠራውን የሆስፒታል ደወል የሚያዝ መሆኑን ያውቃሉ። የጻፉት፣ በሚያዘወትሩት ቃል «ቀስ በሉ» እያልን የምንጠራቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንጋፋው ባልደረባችን ነበሩ። እኚህ ሰው ትርፍ የሚመስል፣ ቢነካ ግን ሰው የሚጎዳ መስመር ሲገጥማቸው ሆን ብለው በሦስት ስፔስ ይጀምሩት ነበር። ለምን ማስታወሻ እንደማይጽፉ ሲጠየቁ፣ ማስታወሻ ማንም አያነብም፣ የተዛነፈን ነገር ግን ሁሉም ቆም ብሎ ያያል ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ካለፉ በኋላም እንቆም ነበር። ይህን አስቀድሜ ባስረዳዎ፣ ኮድ የመቃብር ሐውልት አይደለም ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። አሮጌ ታሪክ ለአዲስ ሠራተኛ መጥፎ አርአያ ነው ብለው ሦስት ስፔሶቹ የሚታዩባቸውን የቀድሞ ቅጂዎች በሙሉ ስላስጠረጉልንም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ሦስቱ ስፔስ እንደሌላው ሁሉ አራት ከሆነ በኋላ አንድ ጠንቃቃ ባልደረባችን ትርፍ የመሰለውን መስመር ሰረዘ። አንድ አዛውንት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ደወሉ ዝም አለ። አዛውንቱ የተረፉት ነርሷ የረሳችውን መነጽር ልትወስድ ስለተመለሰች ብቻ ነው። ቅንድብ አሳምራለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይህ ነው። ያ መስመር ተመልሷል፤ ሦስት ስፔስ የነበራቸው ሌሎቹ መስመሮች የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቁት ሰው ግን አፈር ውስጥ ናቸው።

አራተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከጎኔ ያለው የ«ቀስ በሉ» ወንበር ባዶ ነው። ቢሆንም የደወሉን ኮድ በከፈትሁ ቁጥር ከዚያ ጠረጴዛ የስፔስ ቁልፍ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል እሰማለሁ። እፈራለሁ። የምፈራው እሳቸውን አይደለም፤ የሚጫኑት የቱ መስመር ላይ እንደሆነ አለመናገራቸውን ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ከነርሶቹ ጋር ፈትነን እስክንጨርስ ማንም የደወሉን ኮድ እንዳይነካ እንዲያዝዙልን፣ ውበት ከወደደው ልብዎ እለምናለሁ።

ከዳር አራት ስፔስ ገባ ብዬ የምቆም፣ ትእዛዝዎን ጠባቂ፣
የደወሉ ክፍል ፕሮግራመር

ማስታወሻ፦ የቀድሞ ቅጂዎችን ሲያስጠርጉ መስመር የሚያስተካክለውን መሣሪያ ቅጂዎች ረስተዋል። መሣሪያውንም የጻፉት «ቀስ በሉ» ነበሩ። በቀድሞው ቅጂ ውስጥ በሦስት ስፔስ የሚጀምር አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ መሣሪያውን የደወሉን ኮድ ሳትነካ አልፈህ ሂድ ይለዋል። ትርፍ መስሎት የሰረዘው ሰው ስም ከጎኑ ተመዝግቧል፤ የእርስዎ ነው። መጀመሪያ ላይ ስለ እንቅልፍዎ የጸለይሁት ለዚህ ነበር።