ተኝቶም የሚደክም ጡንቻ፦ የተመራማሪዋ እኅታችን የሕይወት ጉዞ

በልጅነታቸው ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው የሰሙት ጨዋታ ነው፤ የሚያስታውሱትም ግማሹን ብቻ ነበር። የታመሙት አባታቸው በተኙበት ክፍል ደጃፍ ጎረቤታቸው፣ «ሥራ አይሠራ፣ መንገድ አይሄድ፤ ተኝቶ እየዋለ ምን ያከሳዋል?» ሲሉ፣ እናታቸው «እኔስ ምኑን አውቄው!» አሉ። የቀረው ተረሳ፤ ጥያቄው ግን አልለቀቃቸውም።

እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የተወለዱ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። አባታቸው ሲያርፉ ታላቅ ወንድማቸው በአባታቸው የስፌት መኪና እየሰፉ ትምህርት ቤት አስተማሯቸው። ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በሆስፒታል ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ፤ እዚያው ከኤክስሬይ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፣ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ሥራቸው ይህ ነበር፦ ሰውነት ከሕመም ጋር ሲታገል በደም የሚልካቸው የብግነት መልእክቶች ጡንቻ ዘንድ ሲደርሱ ምን ያዝዙታል? በሽተኛው አልጋ ላይ ቢውልም ኃይል አቃጥል ይሉታል ወይስ ቆጥብ? ይህን ለማወቅ ታማሚውን በባዶ ሆዱ ጭንቅላቱን በሚሸፍን ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ሥር አስተኝተው፣ ሰውነቱ የሚያቃጥለውን ኃይል ከትንፋሹ ይለኩ ነበር። የተኛው ካወራ ልኬቱ ይበላሻልና ጎብኚውንም ሐኪሙንም ዝም ያሰኙ ነበር። «እትዬ ዝም በሉ» የተባሉትም ለዚህ ነው። በስሙ እርሳቸውም ይስቁ ነበር፤ ልኬቱ ካለቀ በኋላ።

ባለፈው ዓመት ጽኑ የሳንባ ሕመም አገኛቸው። እየመነመኑ ሲሄዱ ራሳቸው ከክዳኑ ሥር ገቡ፤ ከጭናቸውም በመርፌ የሚወሰድ ቁንጥር ጡንቻ ሰጡ። ለማነጻጸር ግን የሥጋ ዘመድ የሆነ ጤነኛ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያለዚያ ጥናቱ ጎዶሎ ነው። ወንድማቸውን ለመኑ።

«አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ሰው ምን ሆኖ ይወጋል?»

«ጋሼ፣ ጤነኛ ስለሆንክማ ነው! ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ከመርፌ ጋር ውለህ?»

«የእኔ መርፌ የሚወጋው ጨርቅ ነው!» ብለው ወጡ። ደጋግመው ቢጠይቋቸውም መልሱ ያው ሆነ። እኅታችን ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ለቤተ ሙከራ ባልደረባቸው «የጤነኛውን ቦታ አትዝጉት» ብለው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። እስትንፋስን የሰጠ አምላክ ለደከመ ሰውነታቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ብርሃንን፣ ለእኛም ብርታትን ይስጠን።

ወንድማቸው በዚያው ዕለት ማታ የእኅታቸውን የመጨረሻ ልብስ በእጃቸው ሰፍተው ጨረሱ። ከዚያም የእኅታቸውን ባልደረባ ጠሩና፣ «ሰኞ በባዶ ሆዴ እመጣለሁ» አሏት።

«ጋሼ፣ መርፌውስ?»

«ውጉኝ። ብቻ እንዳታሳዩኝ።»