ልብን ለማዳን ስለተሰበሩ ሦስት የጎድን አጥንቶች

ለተከበሩ የጡብ ፋብሪካችን የጤናና ደኅንነት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በእርስዎ ትእዛዝ ጤነኞች ከሆንን ወዲህ፣ አንድ ሰው ሆስፒታል ከመተኛቱና የቀረነው ለመቆም ከመቸገራችን በስተቀር ደኅና ነን። እኔ በፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ አሥራ አንድ ዓመት ያበሰልኩ ሴት ነኝ፤ ሆስፒታል የተኛው ደግሞ ጡብ ጫኙ ታናሽ ወንድሜ ነው። ስለ እሱ የጻፉትን ሪፖርት በምስክርነት እንድፈርም ስለላኩልኝ፣ አስቀድሜ ምስጋናዬን በጽሑፍ ላቅርብ ብዬ ነው።

1ኛ. ቅባት የተባለ ሁሉ መርዝ ነው ብለው የዘይት ጀሪካኖቼን ዓይኔ እያየ በመጥረቢያ ስላስፈለጡልኝ አመሰግናለሁ። የክሊኒካችን ነርስ ቅባት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ከቅባት እህልና ከዓሣ የሚገኘው ለልብ እንደሚበጅ፣ መቀነስ ያለበት የጮማና የቅቤ ብዛት እንደሆነ ልታስረዳዎ ስትሞክር፣ በሩን የዘጉበትን ፍጥነትም አደንቃለሁ። የሁለት ጣቶቿ ጥፍር በሩ ላይ ቀርቷል፤ ከፈለጉት ይውሰዱት።

2ኛ. በዘይቱ ፈንታ ስኳር ስላጎረፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቀኑን ሙሉ ጡብ የሚሸከም ሰው፣ በውሃ የተቀቀለ ጎመንና «ቅባት አልባ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጣፋጭ ብስኩት በልቶ እስከ ማታ ይቆማል ብለው ያሰቡት እርስዎ ብቻ ነዎት። በሦስተኛው ሳምንት ሰዎቹ አንጀታቸው ታጥፎ፣ ለአንድ ቅቅል ድንች በሹካ እስከ መወጋጋት ደረሱ።

3ኛ. ወንድሜ ዘጠኝ ኪሎ ሲቀንስ፣ ከሲታ ሁሉ ጤነኛ ይመስልዎታልና፣ እጁን ጨብጠው እንኳን ደስ ያለህ ብለውታል። እሱ ግን ጉልበቱ ሲከዳው ጊዜ አንድ እፍኝ ለውዝ ኪሱ ይዞ መጣ። በር ላይ ሲፈተሽ ተገኘበት፤ ቅባት ነው ተብሎ ሲነጠቅ የቀረውን አፉ ውስጥ ከተተው፤ እርስዎም ከፎቁ መስኮት ሆነው እንዲያስተፉት ጥበቃውን አዘዙ። አልተፋም። ዱላው ሦስት ጊዜ አረፈበት፣ ሦስት የጎድን አጥንቶች ተሰበሩ። ልብን ከቅባት ለማዳን ልብን የሚከልሉትን አጥንቶች መስበር፣ እንዲህ ያለ ሕክምና ሰምቼ አላውቅም። ሮጬ ስደርስ ደም ይተፋ ነበር፤ የታኘከውን ለውዝ ከደሙ ጋር በጣቴ አወጣሁለት። «እትዬ፣ አልሰረቅኩም እኮ» አለኝ። 

ሪፖርትዎ ግን፣ ተደብቆ በበላው ቅባት የደም ሥሩ ተደፍኖ፣ ራሱን ስቶ ወድቆ አጥንቱ ተሰበረ ይላል። ከፈረምኩለት ወንድሜ ከሥራው ይባረራል፤ ለስብራቱም ጥፋተኛው ራሱ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድጄ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ያለ ስጋት ይያዙት፤ በሚገባ በታጠበ እጅ የተቀደደ ነው፣ ቅባት አልነካውም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእኛም አንድ ጤነኛ ጎን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣

የፋብሪካው ምግብ አብሳይ፣ የተደብዳቢው ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ ዱላውን ያሳረፈው ጥበቃ ትናንት ወንድሜ አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ አልቅሷል። ከዚያም ተነሥቶ ፖሊስ ጣቢያ ሄደና ያዘዘው ማን እንደሆነ ከነማዕረግዎ አስመዝግቧል። መጥሪያው ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ከደረሰዎ አይደናገጡ። በጣቢያው ለታሳሪ የሚቀርበው ምግብ በውሃ ብቻ የሚቀቀል ነው ስላሉኝ፣ ስለ ጤናዎ አንዳች ስጋት የለብኝም።