በድሉ በሰሌዳ ላይ የተወው ውሃ

አሰፋሽ እህቴ፣

ልጄ በድሉ በተስቦ ማረፉን የሰማሁ ማክሰኞ፣ ዕቃውን አመጣለሁ ብዬሽ ነበር። እሱ ያስተምርባት የነበረችው ጎጆ ከተማ ደርሻለሁ፤ ብርዱ የአምቦን ፀሐይ ያስናፍቃል።

በክፍሉ ውስጥ፣ ኮከብ የሚወለድበትን ደመና የሳለበት ሰሌዳ አልጠፋም። አንድ ጊዜ ስለዚሁ ደመና «እማዬ፣ ውስጡ ውሃ መኖሩን ሳይንቲስቶች በሬዲዮ ሞገድ ደረሱበት» ሲለኝ፣ «ሐኖስ ነዋ፣ ከጠፈር በላይ ያለው ውሃ! ቄሱን ብትጠይቅ ባልደከምክ» ብዬው በሳቅ ሞቶ ነበር።

ተማሪዎቹ «እማማ፣ ቲቸር ስለ ውሃው ሳይጨርሱልን ቀሩ» አሉኝ። ትምህርቱን የጻፈበትን ደብተር ከዕቃው ጋር ጠቅልዬ ልመለስ አልቻልኩም። ዲሬክተሩ ፈቅደውልኛል፤ ነገ የቀረውን አነብላቸዋለሁ። ንባቤ ቀርፋፋ ነው፤ ግን እጨርሰዋለሁ።

ዕድርተኛውን ሁሉ ሳሚልኝ። ስትጸልዩለት በክርስትና ስሙ ጥሩት፤ ገብረአማኑኤል ነው።

ዘነበወርቅ